ወንዙ ዛሬ አይመጣም

ያለፉትን ሳምንታት ሳታነቡ ዛሬ የገባችሁ ካላችሁ አትጨነቁ፤ ነገሩ አጭር ነው። አንድ ሰው ወደድኩ፣ አንድ ቃል ሰጠሁት፣ ቃሉን ሸጠብኝ። የቀረው ውሃ ነው።

ውሃ ስል የምሬን ነው። በሬዲዮ ድራማ ውስጥ ወንዝ ሲፈስ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ጀልባ ሲሰጥም የምትሰሙት እኔን ነው። ከተዋንያኑ ስቱዲዮ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ በመካከላችን ያለው ትንሽ የመስታወት መስኮት ብቻ ነው። ትልቅ የብረት ገንዳ፣ የአትክልት ማጠጫ፣ ጠጠር የሞላበት ትሪ፣ ያረጀ አንሶላና ጠበቅ ተደርጎ ካልተዘጋ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፤ ወንዝ የምሠራው በእነዚህ ነው። ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ልብስ አጣቢ ናት። ልጅ ሆኜ ገንዳዋ ሥር ስለምውል፣ ውሃ ሲቆጣና ሲረጋጋ የሚያሰማውን ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ። የማንን አንሶላ ነበር የምታጥበው ካላችሁኝ፣ የእትዬን ነው። እትዬ የሬዲዮ ጣቢያው ባለቤት ናቸው። የልጃቸውንም አንሶላ ታጥብ ነበር።

ያ ልጅ ነው ተራኪያችን። ድራማውን የሚጽፈውም የሚተርከውም እሱ ነው። ድምፁን የሰማች ሴት ሁሉ ለብቻዋ ያወራት ይመስላታል፤ እኔንም የመሰለኝ እንደዚያ ነው፣ ምን ልዩ ያደርገኛል!

ድራማው የሚካሄደው ወንዞች በሚያኮርፉበት አገር ነው። በዚያ አገር ወንዝ የሚፈሰው ቁልቁለት ስላገኘ ሳይሆን ደስ ስላለው ነው። ወሬ የሚወድ ወንዝ አለ፤ በየገበያው መሃል እየተጠማዘዘ፣ ሁሉንም ሰምቶ ነው የሚያልፈው። ኩሩ ወንዝም አለ፤ ለድልድይ አላጎነብስም ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ዘፈን ካልሰማ ከምንጩ የማይነሳ ሰነፍም አለ። ሁሉም ግን አኩራፊዎች ናቸው። አንዱ ካኮረፈ ሽቅብ ተመልሶ ተራራው ላይ ይወጣና ለአገሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ዓሣው ጭቃ ላይ ይቀራል፣ ወፍጮው ይቆማል፣ ሰዉ ጠል ይልሳል። የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን የምታውቀው ደግሞ የጀልባ ቀዛፊው ልጅ ናት።

ቃሉ የእኔ ነው። ገና ፍቅራችን ሊጥ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት ክፍሌ ውስጥ አንሶላ ስጨምቅ እሱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ያኮረፈ ወንዝ ብታገኚ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ። ሳላስብ «ናዙሊ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሁለታችንም ሳቅን። ትርጉሙን አብረን ሰጠነው፦ ማስደሰት ማለት ነው፣ ግን ተራ ማስደሰት አይደለም፤ ጀርባውን የሰጠን ሰው ፊቱን እንዲያዞር ማድረግ ነው።

«ይኼ ቃል አየር ላይ አይወጣም፤ የእኛ ነው» አለኝ።

ስለዚህ እንዲህ እንሠራ ነበር፦ ጽሑፉ ላይ «ቃሉን ትናገራለች» ብቻ ይባላል። የቀዛፊውን ልጅ የምትጫወተው ተዋናይ እዚያ ስትደርስ እኔ ውሃውን እለቀዋለሁ፣ ጋሼ የድምፅ መሐንዲሱ ያጎላዋል፣ ቃሉ ከውሃው ሥር ይቀራል። ተዋናይዋ የምትለው አፏ ያመጣላትን ነው። የእኔ ማዳመጫ የሚያመጣልኝ የተዋንያኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ከስቱዲዮው ውጪ የምትለውን የምንሰማው እኔና ጋሼ ብቻ ነን። አንድ ጊዜ ወንዙን በታላቅ ስሜት ስትለምን የሰማኋት «ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት» እያለች ነው። ሳቄን ለመደበቅ ገንዳው ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። አድማጮች ግን በየሳምንቱ ስልክ ይደውላሉ፤ ቃሉ ምንድን ነው ይላሉ። እኛ በመስኮቷ ተያይተን ፈገግ እንላለን። አቤት ያቺ ፈገግታ!

የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ ሲሰጠኝ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። «ቃሉን ትናገራለች» አይልም። በደማቅ ፊደል «ናዙሊ!» ይላል። ተናጋሪዋ ያቺው ተዋናይ ናት፤ ለድምፅዋ ሲሉ ወርቄ ይሏታል። የወርቄ አባት ደግሞ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ አላቸው። እትዬ ወርቄን ለልጃቸው አጭተዋታል፤ ፋብሪካው ድራማውን ስፖንሰር አድርጓል፤ ቃሉ በቀጥታ ስርጭት ይገለጣል፤ ከማግስቱ ጀምሮ በየሱቁ የሚደረደረው ጠርሙስ «ናዙሊ» ይባላል። ይህንን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ውሉንም እሱ ፈርሟል አለችኝ።

አላለቀስኩም። ጽሑፉን አጣጥፌ ከገንዳው ሥር አስቀመጥኩትና እጆቼን አየኋቸው። በዚያ ድራማ ውስጥ ወንዝ ማለት እነዚህ እጆች ናቸው። ወርቄ ቃሉን ትጥራ፣ አገሩ ሁሉ ይስማ። ወንዙ ግን አይመጣም። ቃሌን ከወሰዱት የማይሠራ ቃል ይውሰዱ። እኔም ቃሌን አጣለሁ፣ አውቃለሁ። ልቤ እርር ቢልም እሱ ሲዋረድ ለማየት ይህን ያህል ለመክፈል ዝግጁ ነበርኩ።

* * *

የስርጭቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርቄ ራሷ በሬን አንኳኳች። እንግዳ የሆነ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጠላት በጣም ሞክሬ ነበር፣ እሷ ግን ለጥላቻ አልተመቸችኝም። ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው፤ ወለሉ እርጥብ ስለሆነ።

«ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁሽ?»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ይኼ ቃል… ሲነገር የቱ ፊደል ላይ ነው የሚጠብቀው? እሱን ብጠይቀው ‹እሷን ጠይቂ፣ እሷ ናት የምታውቀው› አለኝ።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ራሱ ቢነግራት ይሻለኝ ነበር። የገዛ ቃሌን ለእጮኛው እንዳስተምራት ላካት! ማጠጫውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

«‹ዙ› ላይ ነው» አልኳት። «ስትይው ለመጥራት አትቸኩዪ። ዞሮ እንዲያይሽ ጊዜ ስጪው።»

«ናዙሊ» አለች፤ እንዴት አድርጋ እንዳለችው! የእኔን ያህል፣ እንዲያውም ከእኔ አስበልጣ። ጆሮዬን መድፈን አማረኝ።

«አንቺ ስትይው ልስማው እስቲ?»

«እኔ ውሃ ነኝ፤ አልናገርም።»

አተኩራ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትጠይቅ ብላ ተወችው። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ወንዙን ጠርታው ሳይመጣላት ሲቀር የምትሆነውን አሰብኩና ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አልዘለቀም።

ቆይቼ ባልዲ ይዤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ እሱ ራሱ ጠበቀኝ። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሰይ አልኩ በልቤ።

«ጠብታ፣ አንዴ ስሚኝ።»

ጠብታ የሚለኝ እሱ ነው። ስሙን ስሰማ ባልዲው ከበደኝ።

«ጠብታ ደርቃለች። ዞር በልልኝ።»

«ለወርቄ ቃሉን የነገርኳት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ወንዙ ነገራት?»

«እናቴ ናት…»

«እትዬስ ከማን ሰሙት? ከእናቴ የልብስ ገንዳ?»

መንተባተብ ጀመረ። አገር የሚያስለቅስ ምላስ እኔ ፊት ሲደርስ ሁልጊዜ ይተሳሰራል። ያንን ነው ድሮ የወደድኩለት፤ ዛሬ ግን ባልዲውን ልደፋበት ምንም አልቀረኝም።

«የምትለው ካለህ ማይክ ፊት በለው» አልኩት። «አፍህ ያለ ማይክ አይሠራም፤ አውቅሃለሁ።»

በትከሻዬ ገፋ አድርጌው አለፍኩ። የሽቶውን ሽታ ክፍሌ ድረስ ይዤው ገባሁ፤ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ አልለቀቀኝም።

* * *

ምሽት ላይ እንግዶቹ ገቡ። የሚቀመጡት ከስቱዲዮው ትልቅ መስታወት ማዶ ነው፤ እኛን ያዩናል፣ የሚሰሙን ግን በድምፅ ማጉያ ነው። ፊት ለፊት እትዬ፣ አጠገባቸው የወርቄ አባት። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ቃሉ ሲነገርና ወንዙ ሲመጣ ጨርቁ ሊገፈፍ ነው።

ቀዩ መብራት በራ። እሱ መተረክ ጀመረ። ኩሩው ወንዝ አኩርፎ ተራራው ላይ ወጥቷል፤ አገሩ ደርቋል፤ የቀዛፊው ልጅ በተሰነጠቀ መሬት ላይ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። እርምጃዋን በጠጠሩ ትሪ ሠራሁላት፤ አንድም አላጎደልኩም። ሥራዬን አላበላሽም፤ የማስቀረው ወንዙን ብቻ ነው። እጆቼን በሽርጤ አደረቅኋቸው።

ወርቄ ወደ ማይኩ ቀረበች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ናዙሊ!»

እጆቼን አጣጥፌ ቆምኩ።

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን እንደሚመስል ያልሠራበት ሰው አያውቀውም። ጋሼ ከመሣሪያው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ወርቄ ዓይኗን ገለጠች።

«ናዙሊ… ናዙሊ!»

ምንም። ከመስታወቱ ማዶ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የእትዬ ሐብል ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል በመስኮቷ በኩል ይታየኛል። አንዱ ወፍራም እንግዳ ሳቁ አመለጠው፤ ከንፈሩ ላይ ያነበብኩትን ኋላ ላይ የጽዳቷ ሴትዮ አረጋገጠችልኝ፦ «ሲጠሩት የማይመጣ ውሃ ማን ይገዛል?» ሳቁ ከወንበር ወንበር ተላለፈ። የወርቄ አባት ጨርቁን ሊገፉ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱት። አቤት እንዴት እንደረካሁ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወርቄ አልጮኸችም። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ እሱን፣ እንደገና እኔን።

«የእሷ ነው፣ አይደል?» አለችው ከማይኩ ዘወር ብላ።  ማዳመጫዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋችው።

እሱ ብቻውን ቀረ። ወደ ማይኩ ተጠጋ።

«ወንዙ አልመጣም» አለ በተራኪ ድምፁ። «ወንዝ በተሰረቀ ቃል አይመጣም።» ከዚያ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ድምፅ ተሰበረ። «አድማጮች ሆይ፣ ይህ ቃል የእኔ አይደለም። የፈጠረችው ሴት እዚህ አጠገቤ ናት። የምወዳት ሴት። ስሟ…»

ስሜን ሊናገር ነው!

ደሜ ፈላ። በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ታየኝ። ነገ በየታክሲው «እንዴት ያለ አፍቃሪ ነው!» ሊባልለት ነው። ሴቱ ሁሉ ሊያለቅስለት ነው። በሕዝብ ፊት እንባውን አፍስሶ ንጹሕ ሰው ሆኖ ሊሄድ ነው። ቃሌን አየር ላይ አውጥቶታል፣ አሁን ደግሞ ስሜን ሊጨምር! አልሰጠውም።

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ገንዳውን በሁለት እጄ አነሳሁና ጠጠሩ ላይ ገለበጥኩት። አንሶላውን ነክሬ ወለሉ ላይ አላተምኩት። ጋሼ ሳልነግረው ገብቶታል፤ የእኔን ድምፅ ሽቅብ ገፋው። እንደዚያ ያለ ጎርፍ ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም ሠርቼ አላውቅም። ኩሩው ወንዝ ከተራራው ወረደ፤ ድልድዩን ጠራርጎ፣ ገበያውን አጥቦ፣ የእሱን ድምፅ ከነእንባው ዋጠው። ከመስታወቱ ማዶ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ።

እሱ ግን አላቆመም። በመስኮቷ አየኝ። እንደሸፈንኩት ያውቃል፤ ይህን ሥራ አብረን ነው የፈጠርነው። ከእኔ ማዳመጫ በቀር የትም እንደማይሰማም ያውቃል። ጋሼ ቢሰማም ለማንም አያወራም። እሱ የተራኪ ድምፁን ተወና ኮሪደር ላይ በሚንተባተብበት አፉ ያወራኝ ጀመር።

«ደግ አደረግሽ፣ ሸፍኚኝ» አለኝ። «ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ‹ጠብታን ላገባት ነው› አልኳት። ‹የአጣቢዋን ልጅ?› አለችኝ። ‹ምን አላት?› አለችኝ። ምን እንዳለሽ ላሳያት ብዬ ቃሉን ነገርኳት፤ እንዴት እንደመጣልሽ፣ ምን ማለት እንደሆነ። ዝም ብላ ሰማችኝና ‹ቃሉ ጥሩ ነው፤ ቃሉን እንወስዳለን› አለችኝ። አንቺን ላስፈቅድ ገብቼ ቃልሽን አስረክቤ ወጣሁ፣ ጠብታ። ወረቀቱ ሲመጣም ፈረምኩ። ፈራኋት። ይኼን የሚያህል ሰውዬ እናቴን ፈራኋት።»

እጆቼ ውሃ ውስጥ ነበሩ። ፊቴም ረጥቦ ነበር፤ ከገንዳው የተረጨ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

* * *

ቀዩ መብራት ሲጠፋ ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሞልቷል። ቧንቧውን አልዘጋሁትም። ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ አንሶላውን እጨምቃለሁ። በሩ ተከፈተ። በዚያ ውድ ጫማው ውሃው ውስጥ ሲገባ ሰማሁት።

«ሰማሽኝ?»

«ውሃው ይጮህ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«ማዳመጫው አንገትሽ ላይ ነው።»

«ተበላሽቷል።»

እንደዋሸሁ ያውቃል። እያንዳንዷን ቃል በልቤ ይዣታለሁ፤ ግን ማይክ ፊት በመስታወት ተከልሎ ያወራውን በርካሽ አልቀበለውም። እንዲቸግረው ፈለግሁ።

ያን ጊዜ የእትዬ ተረከዝ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ውሃው አስቆማቸው መሰለኝ።

«አንተ! ሰው ይጠብቅሃል። ውጣ ከዚህ» አሉት። ቀጥለውም እኔን ተናገሩኝ። «አንቺን ደግሞ ነገ እንነጋገራለን። ለእናትሽ ስል ነው ይኼን ያህል የታገስኩሽ።»

«ለእናቴ ሲሉ ቢሆን ኖሮ አንሶላዎን ራስዎ ያጥቡ ነበር» አልኳቸው። ዞሬ አላየኋቸውም።

 እሱ አልወጣም። እንደሚወጣ ጠብቄ ነበር፤ አንሶላውን ይዤ የእርምጃውን ድምፅ እየጠበቅሁ ነበር። ሁልጊዜ ይወጣል።

«ጠብታ» አለኝ። ድምፁ ያለ ማይክ ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከቧንቧው ጩኸት ጋር ይታገላል። «እንደገና ልበለው?»

«ቃሉ ሞቷል» አልኩት። «ገድየዋለሁ። ሌላ የለኝም፣ ቢኖረኝም ለአንተ አልሰጥህም።»

«ቃል አልጠየቅኩሽም።»

«ና ውጣ ብዬሃለሁ!» አሉ እትዬ።

«እማዬ፣ ነይ ግቢና ስሚ» አላቸው። «አንቺ ፊት ነው መባል ያለበት። ያን ቀን ‹ምን አላት?› ብለሽኝ ነበር…»

እዚያ ላይ ተንተባተበ። ጠፋበት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ቧንቧው ስለሚጮህ ግማሹ አይሰማኝም፤ ማዳመጫ የለ፣ ጋሼ የለ፣ ድምፁን የሚያጎላለት ማንም የለ። ይቸገር አልኩ፤ ይበለው አልኩ። በቀሌ ገና ከሆዴ አልወጣም፤ ነገም የሚወጣ አይመስለኝም።

እጄ ግን ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው። ጠበቅ አድርጎ ዘጋው። ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ እስከዚያች ደቂቃ ጀርባዬን ሰጥቼው እንደነበር ያወቅሁት ፊቴን ወደ እሱ ሳዞር ነው።